ግርዶሽ በቦይለር ቤት

ሰው ሳይሞት አንድ ጊዜ እንኳ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ ይባላል። ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ አይቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ያላየውማ ምን ብሎ ያወራል? አፉን ይዞ ይሰማል። የቦይለር ቤቱ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ከሰሚዎቹ ወገን ነበር።

የሚሠራው በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ምድር ቤት ነው። ከላይ ሴቶቹ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፤ ከታች እሱ ውሃ እያፈላ እንፋሎቱን በቧንቧ ይሰድላቸዋል። ክፍሉ መስኮት የለውም። መንጋቱን የሚያውቀው ከጣሪያው በላይ በሚሰማው የጫማ ኮቴ፣ መምሸቱንም ኮቴው ሲጠፋ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ አምፖል፣ ቀለሙ የተላጠ አንድ ትልቅ ቦይለር፤ ከቦይለሩ ጎን ደግሞ ከመዳበስ ብዛት እንደ ቀለበት የሚያበራ የቫልቭ መዘውር። ሴቶቹ «ጋሽ እንፋሎት» ይሉታል። «ሚስቱ እኮ የምታገኘው ሲተን ነው!» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ቦይለሩ አሮጌ ነው። ቀደም ሲል ውሃ መመጠኛው እንዳሻው ይሆን ስለነበር፣ ውሃው ሲጎድል ካልሞሉለት፣ ግፊቱም ሲያይል ካላበረዱት ጉድ የሚያፈላ ነበር። ያን ጊዜ ሰውዬው ዓይኑን ከጠቋሚው፣ እጁን ከመዘውሩ አይነቅልም፤ ይህ እውነት ነው። በኋላ ግን ለምርመራ የመጣ አንድ ቴክኒሺያን መመጠኛውን ነቅሎ በአዲስ ተካው። መፍቻዎቹን ወደ ሣጥኑ እየመለሰ፣

«በል እንግዲህ አባቴ፣ ተገላገልክ» አለው። «ውሃ ሲያንሰው ራሱ ይጠጣል። ውሃ ካጣም እሳቱን ራሱ ያጠፋል። ጠዋት ለኩሰኸው ሠርግ ብትሄድ እንኳ ቅር አይለውም።»

ሰውዬው አመስግኖ ደረጃው ድረስ ሸኘው፤ ተመልሶም ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በዚያ ሰሞን ከላይ ሠራተኛ እየተቀነሰ ነበር። ጋሪ ገፊው ወጥቷል፤ ከሁለቱ ዘበኞች አንዱ ተሰናብቷል። ሰውዬው አሰበ፤ አሰበና እጁን ዘርግቶ መዘውሩን ያዘ። አለቃው ከደረጃው ጫፍ ሆኖ «እንዴት ሆነልህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ምን ይሆናል፣ አሮጌ በቅሎ ነው፤ ለአፍታ ከዘነጉት ይራገጣል» አለ።

ይኸው ነው። ወህኒ በድንጋይ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል፤ አንዳንዱ ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተጀምሮ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ የቀረው ዘመን በሩን ከውስጥ መጠበቅ ብቻ ነው።

ውሸቱ ከአለቃው ጋር ቢቀር ባልከፋ። ነገር ግን ሚስት ያወቀችውን ጎረቤት፣ ጎረቤት ያወቀውን አገር ያውቀዋል ብሎ ፈራና ለእሷም ያንኑ ነገራት። እሷም አመነችው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ መስኮት ሥር ባስቀመጠቻት መኪና ዚፕ ትቀይራለች፣ የረዘመ ታሳጥራለች። ብዙ የምትመኝ ሴት አይደለችም፤ ይሁን እንጂ ገና ሲጋቡ ጀምሮ «አንዴ እንኳ» የምትላቸው ነገሮች ነበሯት። አንዴ እንኳ ባሕር ውስጥ እግርን መንከር፤ አንዴ እንኳ በባቡር ተኝቶ አድሮ በማያውቁት ከተማ መንቃት። «ሂጂና እይ» ሲላት፣ «ብቻዬን አይቼ ለግድግዳ ላወራው ነው?» ትለዋለች። እሱም «ታዲያ ቦይለሩን ለማን ልጣለው?» ይላል። ረዳት እንቅጠርልህ ሲሉት «የሌላ እጅ ያበላሸዋል» ብሎ መልሷል። ስለዚህ ባሕሩም ቀረ፣ ባቡሩም ቀረ። እናቷ ያረፉ ጊዜም ቀብር ላይ አልተገኘም። ወንድሞቿ «ምን ዓይነት አማች ነው!» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ እንባዋን ጠርጋ ተነሣችና «እሱ ያን ነገር ጥሎ ቢመጣ ዛሬ የስንት ሰው ቤት ለቅሶ ይሆን ነበር!» ብላ አፋቸውን አስያዘች። ከዚያ ወዲህ ከወንድሞቿ ጋር ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው።

የግርዶሹ ነገር በሬዲዮ የተነገረው ሁለቱም ከሸበቱ በኋላ ነው። ፀሐይ በቀትር ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች፤ ተመልሶ በዚህ ሰማይ የሚታየው ዛሬ የተወለደ ሕፃን ሲያረጅ ነው ተባለ። ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተወችው።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ባሕሩ ወደኛ አይመጣም። ይሄ ግን በገዛ እግሩ እየመጣልን ነው እኮ! ከዚያ ምድር ቤት ግቢው ድረስ ወጥቶ ቀና ማለት ብቻ!»

«ቦይለሩስ…»

«እሱን ተወው፤ እኔ እመጣለሁ። ያን ለታ የሚሆነውን እናያለን።»

ቀኑ ደረሰ። አለቃው ሴቶቹን ግቢ እንዲወጡ ፈቀደና ወደ ምድር ቤቱ ጎንበስ ብሎ «እስኪያልፍ ነው፤ እንፋሎቱ እንዳይቀዘቅዝብን!» ብሎ ጮኸ። ጥቂት ቆይታ ሚስቱ ደረጃውን ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወረደች። በእጇ ሁለት የካርቶን መነጽር ይዛለች። ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን እዚህ ወርዳ አታውቅም።

«ተነሥ፣ ፀሐይቱ ልትሸፈን ጠርዟ ብቻ ቀርቷል» አለችው።

«እንዴት ብዬ? ግፊቱን አታዪም?»

ጠቋሚው እንደ ጤነኛ ሰው ልብ ጸጥ ብሎ ቆሟል። እሷ ግን ማንበቡን አታውቅበትም፤ አየችው፣ ፈራችውም።

«አንቺ ውጪ። አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ዙሪያዋን ቃኘች፤ አምፖሉን፣ ወንበሩን፣ ላብ የሚያንጠባጥበውን ግድግዳ። ከዚያ ባዶ ባልዲ ደፍታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ከዛሬ ወዲያ እኮ አይገኝም!»

«አውቃለሁ። አንተን እዚህ ጉድጓድ ትቼ የምመለከትበት ምን ዓይን አለኝ? ስንት ዓመት ብቻህን ተቀመጥክበት፤ እኔ እንኳ በሆዴ አማህ ነበር፤ ይቅር በለኝ። በል ዛሬ አብሬህ ልሁን። ይሄም አንዴ እንኳ ነው።» ሣቀችና መነጽሮቹን ጭኗ ላይ አኖረቻቸው።

ሰውዬው መዘውሩን እንደ ጨበጠ ቀረ። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። እሷ ግን «ይቅር በለኝ» አለችው። ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው፤ «ግድ የለም፣ እንውጣ»። ይህን ካለ ፀሐይዋን ታያለች። ይህን ካለ ግን ባሕሩም፣ ባቡሩም፣ የእናቷ ቀብርም አንድ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ዝም ካለ ደግሞ በገዛ እጁ ያሰራት ሚስቱ እዚህ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ መታሰሯን እንደ ደግ ነገር ቆጥራው፣ ሌላው ሁሉ እንደ ቀረባት ይሄም ይቀርባታል። እስከ ዛሬ የታሰረው እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

ከላይ አንዲት ሴት «ኧረ እዩ! ኧረ ጨለመ!» ብላ ጮኸች። ሚስቱ ክፍት ከተወችው የደረጃ በር ይገባ የነበረው ጭላንጭል እየደበዘዘ መጣ። ሚስቱ ቀና አለች፤ ወዲያውም እንዳታስጨንቀው ብላ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ያን ጊዜ ሰውዬው መዘውሩን ለቀቀ።

«ነይ።»

«እጅህ! ለቀቅከው እኮ!»

«ነይ አልኩሽ፣ ተነሽ!»

«ይፈነዳል! ሰው ታስፈጃለህ!»

«አይፈነዳም።»

ክንዷን ይዞ በደረጃው ጎተታት። እኩሌታው ላይ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «እንዴት አወቅህ?» አለችው። እሱ ደረጃውን መውጣቱን ቀጠለ። እስከዚያ ስትታገለው የነበረው ክንዷ በመዳፉ ውስጥ ሲላላ ተሰማው።

ግቢው መሽቷል፤ ግን እንደ ማታው ምሽት አይደለም፤ በዙሪያው ያለው አድማስ ሁሉ የንጋት ቀለም ይዟል። ቀዝቃዛ ነፋስ የተሰጡትን አንሶላዎች ያርገበግባል። ሴቶቹ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ቆመዋል። ከራሳቸው በላይ፣ ፀሐይ በነበረችበት ቦታ፣ ጥቁር ክብ ነገር፤ ዙሪያውን ነጭ ጸጉር የመሰለ ብርሃን ፈሶበታል። ሰውዬው አፉ ተከፈተ። ለካ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው፤ ለካ የሚታይ ነገር ነበር። «አየሽው?» ሊላት ዞረ።

ወደ ሰማይ አልነበረም የምትመለከተው። ወደ እሱ ነበር።

«እማዬ የሞተች ጊዜም እንዲህ ነበር?» አለች በዝግታ። «ያኔም ትቶ መውጣት ይቻል ነበር?»

ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶለታል።

«ይቻል ነበር።»

በጭብጧ ይዛ የወጣችውን የካርቶን መነጽር አነሣችና ዓይኗ ላይ አደረገች። በዚያ ጨለማ መነጽሩ ምንም እንደማያሳይ በሬዲዮ ሲነገር ሁለቱም ሰምተዋል። «አውልቂው፣ አሁን ነው የሚታየው፣ አሁን ያልፋል» ሊላት ወደ እሷ ዘንበል አለ። ጉንጯ ላይ እንባ ሲወርድ አየ። እንደዚህ ጎን ለጎን ቆሙ።

ወዲያው ከጥቁሩ ክብ ጠርዝ አንዲት የብርሃን ፍንጣሪ ተፈናጠረች፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቀኑ ተመለሰ። አለቃው በሣቅ ዞር ሲል ሰውዬውን አየው፤ ሣቁም ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ጋሽ እንፋሎት! ታች ማን አለ?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

ካውያ ቤቱ ደርሳ የነበረች አንዲት ሴት ፔዳሉን ረገጠች፤ እንፋሎቱ እንደ ወትሮው ሙሉ ኃይሉን ይዞ ፉሽ አለ። አለቃው ወደ ካውያው፣ ከዚያም ወደ ሰውዬው ተመለከተ።

ሚስቱ መነጽሩን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችው። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ አብሳ ወደ በሩ መንገድ ጀመረች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ሂድ እንጂ፣ ውረድ» አለችው አለቃው እየሰማ። «ይፈነዳል።»

ሰውዬውም ወረደ።