ጅራፉ ከመድረሱ በፊት

ነሐሴ 13 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በሚገኘው የጋፋት መስክ ሙሉቀን የሚባል ወጣት ገበሬ ግራ ዓይኑን በጅራፍ ተመታ። ያንን ቅጽበት የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ስለ ድምፅ ፍጥነት ባስተማርኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ትዝ የሚለኝም ይኸው ነው።

በከተማው ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዚያ ክረምት የገዛሁት አነስተኛ ካሜራ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሺህ ያህል ምስል ስለሚያነሳ፣ ዓይን የማይከተለውን እንቅስቃሴ አዝግሞ ያሳያል። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ቀድሞ ስለሚፈተለክ ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ለማሳየት ከቡሄ የተሻለ ቀን አልነበረም።

በጋፋት ጅራፍ ማጮሁ ሲያበቃ ከወንዙ ወዲህና ከወንዙ ማዶ ያሉ ጎረምሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገራረፋሉ። ጨዋታው ሥርዓት አለው። ተመቺው ጋቢውን ተከናንቦ ይቆማል፤ መቺው ከአንገት በታች ብቻ ያሳርፋል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ፊት መምታት ነውር ነው። ሆን ብሎ ፊት የመታ ሰው ደም እንደፈለገ ይቆጠራል።

ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አስሬ፣ ሁለቱንም ከራስ እስከ እግር እንዲይዝ አስተካከልኩ። ሙሉቀን ለመመታት ቆመ። የማዶው ልጅ ደሳለኝ ጅራፉን አነሳ።

«ዝንብ ልታባርርልኝ ነው የመጣኸው?» አለው ሙሉቀን። ሰዉ ሳቀ።

«የት እንዳረፈች ንገረኝ እንጂ» አለ ደሳለኝ፣ እሱም እየሳቀ።

ጅራፉ ጮኸ። ሙሉቀን ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ በጉልበቱ ተንበረከከ። ደሙ በጣቶቹ መካከል ወርዶ ነጩን ጋቢ አቀላው። ታላቅ ወንድሙ አስማረ ወደ ቁስለኛው አልሄደም፤ ዱላውን ይዞ ወደ ደሳለኝ ሮጠ። የመጀመሪያው ምት ጭንቅላቱ ላይ አረፈ። ደሳለኝ ሲወድቅ ሌሎች ደርሰው ጎኑን በእርግጫ ይሉት ጀመር። ከማዶ ድንጋይ መወርወር ተጀመረ፤ አንዱ ጆሮዬ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ።

የአካባቢው ሽማግሌ መሪጌታ ይኄይስ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በወደቀው ልጅ ላይ ጣሉበት። «አስማረ፣ በማርያም ይዤሃለሁ!» አሉ። የተነሳው ዱላ በአየር ላይ ቀረ።

ሙሉቀንን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። አስማረ ያን ጊዜ ካሜራውን አየ። ደሳለኝ ስለ ዝንብ የተናገረውን ለሰዉ ሁሉ ካስታወሰ በኋላ የቀረጽኩት እንዲታይ ጠየቀ። መሪጌታም ሐቁ ይለይ ብለው ፈቀዱ። እኔም ነገሩን ያበርዳል ብዬ አምኜ ከፈትኩት።

አዝግሞ የሚሄድ ምስል ድምፅ የለውም። በካሜራው ጠባብ የምስል መስኮት ውስጥ የደሳለኝ ዓይኖች በሙሉቀን ላይ ተተክለው ይታያሉ። ክንዱ በዝግታ ይነሳል። ጅራፉ በአየር ላይ እየተዘረጋ ወደ ፊቱ ይሄዳል፤ ጫፉ የዓይኑን ቆብ ሲነካ፣ ቆቡ ሲሰነጠቅ፣ ደሙ ጠብታ በጠብታ ሲበተን ይታያል። ከዓይን ጥቅሻ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ወደ አሥር ሴኮንድ ተለጥጦ ነበር።

«እያየ ነው የመታው» አለ አስማረ። «እጁን ለመመለስ ስንት ጊዜ ነበረው!»

ጊዜውን የለጠጠው ካሜራው መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። የሰማኝ አልነበረም። አስማረ በመሪጌታ ትከሻ ላይ አሳልፎ በድጋሚ መታ፤ ደሳለኝ ለመከላከል ያነሳው ክንዱ ሲሰበር ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሽማግሌዎቹ ተረባርበው ልጁን በአቅራቢያው ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስገቡና በሩን ዘጉት። አስማረ በሩ ላይ ቆሞ፣ በረጋ ድምፅ፣ ነገ ሲወጣ እንደሚገድለው ማለ። ከዚያ ወንድሙን ሊያይ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

ቤቴ ገብቼ ምስሉን መላልሼ ተመለከትኩት። ፊቶቹን ማየት ሲያቅተኝ የመስኮቱን የላይኛውን ክፍል በእጄ ሸፈንኩት። ያኔ እግሮቹ ብቻ ቀሩ። ክረምት ስለሆነ መሬቱ ጭቃ ነበር። እጄን አንስቼ ሳስተያየው፣ የደሳለኝ ክንድ ተወርውሮ፣ ጅራፉ ገና ሳይደርስ፣ የሙሉቀን ቀኝ ተረከዝ ተንሸራተተ፤ ጉልበቱ ታጠፈ፤ ሰውነቱ ዝቅ አለ። ጅራፉ የሄደው ወደ ትከሻው ነበር። ትከሻው በነበረበት ቦታ ላይ የደረሰው ፊቱ ነው።

በማግስቱ ማለዳ መሪጌታን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሙሉቀን ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ግራ ዓይኑ እንደማይመለስ ተነግሮታል። አስማረ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ አጠገቡ ተቀምጧል።

ካሜራውን በእጄ ሸፍኜ ለሙሉቀን አቀረብኩለት።

«ምኑን ነው የሚሸፍኑት፣ መምህርት?» አለ አስማረ።

«ፊቶቹን» አልኩት። «የሙሉቀንን እግር እዩ።»

ሙሉቀን በቀረው ዓይኑ አየ። እንደገና እንዳሳየው ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ተረከዜ ነው፣ አያ አስማረ። ጭቃው ከድቶኝ ጎንበስ ያልኩት እኔው ነኝ።»

አስማረ ሦስተኛ ጊዜ ካየ በኋላ ዱላውን ከአልጋው ሥር አስገባው። መሪጌታ እዚያው ውሳኔውን ተናገሩ፤ ሁለቱም ወንድማማቾች ተቀበሉ። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የደም ዕዳ የለም። የሙሉቀንን ጤፍ የደሳለኝ ቤተሰብ ያርማል። ክንዱ የተሰበረውን የደሳለኝን ማሳ ደግሞ አስማረ ያርማል።

መሪጌታ ቀጥለውም ምስሉ እንዲጠፋ ጠየቁ። የደሳለኝ ንጽሕና ማስረጃ እሱ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው።

«መምህርት» አሉ መሪጌታ፣ «ነገ ሌላ ሰው ሲያየው የእርስዎ እጅ እዚያ ላይ አይኖርም።»

ሙሉቀን እጁን ዘረጋ። ካሜራውን ሰጠሁትና ምስሉን የሚያጠፋውን ቁልፍ አሳየሁት። ተጫነው።