የእንቁላሏ ስስ ቆዳ

በ1922 ዓ.ም. በአዳማ ባቡር ጣቢያ ቅቅል እንቁላል የምትሸጠው አረጋሽ ሰውየውን ያወቀችው በጣሳው ነው። ክረምት ሳይገባ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ውሃ ብትሰጠው፣ "የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብያለሁ፤ ለሰው እንዳይተርፍ። ልጄን እንኳ መሳም ትቻለሁ" ብሎ ዋንጫዋን አልነካም፤ ቀበቶው ላይ ያንጠለጠላትን ጣሳ ነበር የዘረጋላት።

ዛሬ ሲመለስ ጉንጩ ሞላ ብሏል። እንቁላሉን ልጦ ስሷን ቆዳ በጣቱ ወደ ፀሐይ አነሳት።

"አዴ፣ ሐኪም ቤት ሳለሁ ሳል ይዞኝ ጨው ጨው የሚል ውሃ ወጣኝ፤ ከውሃው ጋር ይቺን የመሰለች ቆዳ። ሐኪሙም 'ነቀርሳ አይደለም፤ ከውሻ እንጂ ከሰው የማይጋባ ትል ነው፤ የወጣችውም ከረጢቱ ናት' አለኝ።"

"እኔን ልጄን! የገዛ ውሻህ?"

"ምን ያድርግ፣ ሳያውቅ ነው። ከእንግዲህ ግን ከአንድ ገበታ አንበላም።"

ተሳሳቁ። ባቡሩ ሊነሳ ሲያፏጭ ዋንጫዋን ሞልታ ሰጠችው። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ቀበቶው ሄደ፤ ጣሳዋን ዳሰሰና ተዋት። ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ።

አረጋሽም እያየው፣ ዋንጫውን ሳታለቀልቅ፣ ለራሷ ቀድታ ጠጣችበት።