በዕድር ድንኳን የታየው ፊልም

ጋዜጣ ላይ ሥራ የጀመርኩ ቀን ዋና አዘጋጁ ልደታ ፍርድ ቤት ላከኝ። የሙስና ክስ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን ሞልቼ ስወጣ የተከሳሹ ጠበቃ በር ላይ ጠብቆ ማኪያቶ ጋበዘኝ። "እስቲ የጻፍከውን ልየው፣ የሕግ ስህተት እንዳይኖርበት" አለኝ። አሳየሁት። ሁለት መስመር ሰረዘልኝ። አመስግኜው ሄድኩ።

ዋና አዘጋጁ የተሰረዘውን አይቶ "ይኼን ማን ነው ያረመልህ?" አለኝ። ነገርኩት።

"ዜናው እኮ የሰረዘው ነው" አለና ወረቀቱን መለሰልኝ። "ሁለተኛ ጽሑፍህን ከመውጣቱ በፊት ለማንም እንዳታሳይ። ለእናትህም ቢሆን።"

ይህን ደንብ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቄዋለሁ። ግማሹን ጊዜ በፍርድ ቤት ዘጋቢነት፣ ግማሹን በኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ሠራሁ።

ምሕረትን ያወቅኋት በኪነ ጥበቡ ገጽ ነው። ፊልም ዳይሬክተር ናት። ያለ ፕሮዲዩሰር፣ በአንድ ካሜራ፣ ልደታ ውስጥ ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለትን አንድ ግቢ አራት ዓመት ቀረጸች። የፊልሙ ዋና ሰው ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ የግቢው በር ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ዕድሜ ልካቸውን የሰፉ ልብስ ሰፊ።

ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ውጭ ፌስቲቫሎች መላክ ጀመረች። አሠራሩን ከእሷ ተማርኩ። ፊልሙ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ኢንተርኔት ላይ ይጫናል፤ መራጮች ያዩታል፤ ከወራት በኋላ ኢሜይል ይመጣል። አብዛኛው "እናዝናለን" ብሎ ይጀምራል። አንድ ቀን ሜክሲኮ አደባባይ አንድ ካፌ ውስጥ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። አውሮፓ ውስጥ ያለ ትልቅ ፌስቲቫል ለውድድር መርጧታል። ለዚህ ስትል ሁለት ትንንሽ ፌስቲቫሎችን እምቢ ማለቷን ነገረችኝ።

ፌስቲቫሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ፊልሙ ከዚያ በፊት የትም ቦታ ለሕዝብ መታየት የለበትም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ጋሽ ሸምሱን ስኳር ይዟቸዋል። ሐኪሙ ዓይናቸው ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል።

"ልጄ፣ ይኼ ፊልምሽ ፈረንጅ ሳያየው አይታይም እንዴ?" አሏት አንድ ቀን እኔ ባለሁበት።

"ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጋሽ ሸምሱ።"

"እኔማ እታገሣለሁ። ዓይኔ ነው የማይታገሠው።"

ምሕረት ከዚያ በላይ አልቻለችም። እሑድ ከሰዓት የዕድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተከለ። ብርሃን እንዳይገባ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጋረዱት። የታሰበው ለግቢው ሰው ብቻ ነበር። ሆኖም የዕድር ድንኳን ተተክሎ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የሰፈር ሰው የለም። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች "ማን ነው የሞተው?" እያሉ ገቡ።

"ማንም አልሞተም፣ ፊልም ነው።"

"ውይ! እኔ እኮ ከቤቴ ጀምሬ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት" አለች አንዷ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከመንገድ የገቡት ቆመው አዩ። ልማዴ ነውና ቆጠርኩ፤ መቶ አሥራ ሁለት ሰው።

ጋሽ ሸምሱ ፊልሙ የሚታይበት ሸራ ሥር ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን ሲያዩ "እኔ እንዲህ ጎብጫለሁ?" አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ሲያልቅ ግን ያጨበጨበ የለም። ለቅሶ ብላ የመጣችው ሴትዮ እውነትም እያለቀሰች ነበር።

በማግስቱ ጻፍኩት። ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ልደታ ውስጥ፣ በዕድር ድንኳን፣ ለመቶ አሥራ ሁለት ተመልካች ታየ አልኩ። ገጹ ተጠናቆ ለኅትመት ሊላክ ሲል ምሕረት ደወለች።

"ጋሽ ደረጀ፣ ስለ ትናንቱ እየጻፉ ነው?"

"አዎ።"

"አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር፣ ጽሑፉ ላይ..."

"ምሕረት፣ ጽሑፍ አስቀድሜ አላሳይም። ታውቂያለሽ።"

"ማሳየቱን አይደለም፣ ብቻ..."

"ነገ ታነቢዋለሽ" ብዬ ዘጋሁት። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መልእክቷን ያየሁት ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ነው። "እባክዎ፣ መታየቱን አይጻፉት" ይላል።

ጽሑፉን አንድ አንባቢ ተርጉሞ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ብዙ ሳይቆይ ፌስቲቫሉ አንድ ጥያቄ ላከላት። ይህ እውነት ነው ወይ? ምሕረት ኢሜይሉን አትማ ቢሮዬ መጣች። ቅድመ ሁኔታውን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

"ምን ብለሽ መለስሽ?" አልኳት።

"እውነት ነው አልኳቸው። ምን እላለሁ? እርስዎ እኮ ሰዉን ሳይቀር ቆጥረውታል።"

ማረሚያ ልጻፍ አልኳት።

"ምኑን ያርሙታል? ስህተት የለበትም" አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ወጣች።

ፊልሙ ከውድድሩ ወጣ። እምቢ ያለቻቸው ሁለቱ ፌስቲቫሎች ፕሮግራማቸውን ዘግተው ነበር። በዚያ ዓመት ሌላ የመረጠው የለም።

ግቢው ፈረሰ። ጋሽ ሸምሱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልጃቸው ቤት ገቡ። ከምሕረት ጋር ልንጠይቃቸው ስንሄድ ዓይናቸው ጨርሶ አያይም ነበር። ድምፃችንን ለይተው አወቁን።

"ፈረንጆቹ እንዴት አዩት?" አሏት።

"በጣም ወደዱት፣ ጋሽ ሸምሱ።"

"ሸለሙሽ?"

"ሊሸልሙኝ ነው።"

ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ። "አንተ ጋዜጠኛው፣ እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው" አልኩ። በሥራ ዘመኔ አውቄ የሰጠሁት የተሳሳተ መረጃ ያ ብቻ ነው።

ዛሬም ጽሑፌን ከመውጣቱ በፊት ለማንም አላሳይም። የደወለልኝ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ግን ስልክ አልዘጋም።