አራዳን ያልወጣችው ጂፕ

ንጋት፣ ከእሪ በከንቱ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከቤት ወጣን። መንገደኛ ስንቅ ቋጥሮ፣ ለጎረቤት "ደህና ሰንብቱ" ብሎ ነው የሚወጣው። እኛም እንደዚያው አደረግን። እኔ በሶ በጥብጬ በጠርሙስ ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ግርማ ካፖርቱን ደርቧል። የምንሄደው ግን ከእሪ በከንቱ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መልሶ እሪ በከንቱ ነው። ይህን የጉዞ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው "ይቺ ሴትዮ ከሰፈሯ ሳትወጣ የምን ጉዞ ነው የምታወራው?" ቢል አልፈርድበትም። እኔም ያን ቀን የገባኝ ግራ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግርማ አባት አባባ ቸሬ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከመኪና መንገዱ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ፣ ከገደል ማዶ ባለ መንደር ይኖሩ ነበር። እግራቸውን እሾህ ወግቷቸው አመርቅዞ እብጠቱ ጉልበታቸው ደርሷል የሚል ወሬ መጣ። በቅሎ ላይ መቀመጥ አቅቷቸዋል። የመንደሩ ሰው "በቃሬዛ ተሸክመን እናውጣዎት" ቢላቸው፣ "እኔ በቃሬዛ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እኔ አላየውም" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሐኪም ካላያቸው እግራቸው መቆረጡ ነው፤ ከዚያም ከዘገየ ነፍሳቸው። ግርማ እንቅልፍ አጣ። ገደሉን ወርዶ ወጥቶ የአባቱ ደጃፍ የሚቆም መኪና ካልተገኘ በቀር ሌላ መላ አልታየውም።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መኪና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካልሆነ ማን አለው? ጋሽ ዘለቀ አላቸው። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ አገር ለቆ የሄደ አንድ የውጭ ባለሙያ አረንጓዴ ጂፑን ሸጦላቸዋል። አሁን እሳቸው የሚሉት ዋጋ ሁለት ትንንሽ ታክሲ ይገዛል። ያን ለመክፈል የግርማን የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ለሌላ ማስተላለፍ፣ የእኔንም ወርቅ መሸጥ አለብን። ሱቁ ከሄደ የምንበላው በእኔ የአስተማሪ ደመወዝ ነው። "ከመግዛታችን በፊት ትፈተን" ያልኩት እኔ ነኝ። "አገር ቤት ሄደን እንፈትናታለና!" አለ ግርማ። ይሁንና ከከተማ የሚያስወጣው የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አልተሰጠንም፤ ነገ ኑ፣ ከነገ ወዲያ ኑ ሆኗል። ስለዚህ ተራራ ትወጣለች የተባለችውን መኪና አራዳ ውስጥ ልንፈትናት ተነሳን።

ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ቸርቻሪዎቹ ሸራቸውን ገና እየዘረጉ ነው። ጋሽ ዘለቀ ኮፈኑን በጨርቅ ይወለውላሉ።

"እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ዘለቀ?" አለ ግርማ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። በሉ ግቡ። መኪና ብላችሁ እንዳትጠሯት፣ በቅሎ ናት።"

"በቅሎ ከሆነች በበቅሎ ዋጋ ይስጡን" አልኩ።

ከት ብለው ሳቁ። ዋጋውን ግን አልነኩትም።

ምኒልክ አደባባይ

ዳገቱን ስንወጣ ሞተሯ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ያጉረመርማል። ግርማ ከፊት ተቀምጦ ሁሉን ነገር በእጁ ይዳብሳል፤ ሰዓት ሠሪ አይደል፣ ጥርስና ጥርስ የሚገጥምበትን ነገር ሲያይ ልቡ ይጠፋል። እኔ ከኋላ ነኝ። የኋላው መቀመጫ ብረት ላይ ስስ ስፖንጅ ጣል ተደርጎበት ነው የተሠራው። ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር አናቴ ጣሪያውን ይስማል።

"ለሁለት ታክሲ ዋጋ ትራስ እንኳን አይጨመርም?" አልኩ።

"ትራስ የለመደ ሰው አገር ቤት አይሄድም" አሉ ጋሽ ዘለቀ በመስታወቱ እያዩኝ።

ጊዮርጊስን ተሳልመን አደባባዩን ዞርን። ነጠላቸውን ያጣፉ ከቅዳሴ የሚወጡ ሰዎች ቆመው ያዩናል። የሚገርመው ነገር፣ መታየቱ ደስ አለኝ። ሳይታወቀኝ ቀና ብዬ ተቀምጫለሁ፤ ነጠላዬንም አስተካክያለሁ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። አንድ ሽማግሌ እግራቸው እየመገለ ነው፣ እኔ አራዳ ላይ እንደ ሙሽራ እጀነናለሁ።

አንድ ኬክ ቤት ወረድንና ማኪያቶ አዘዝን። ስኳር እንደ መድኃኒት በማንኪያ ጫፍ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር፤ አስተናጋጁ ጨምርልኝ እንዳልለው ብሎ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ግርማ ስለ ዋጋው ለማውራት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ዘለቀ ስለ ወጡት ተራራና ስለ ተሻገሩት ወንዝ ይተርካሉ። ሰውየው አይዋሹም፤ ያዩትን ነው የሚያወሩት። ይህም የበለጠ ግራ አጋባኝ። ውሸታም ሻጭ ቢሆኑ ኖሮ ጥዬ እሄድ ነበር።

ስንወጣ ከጂፗ ጎን አንድ ውይይት ቆሟል፤ ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጥጦ ስለሚያስቀምጥ ሕዝቡ "ውይይት" ያለው ታክሲ ነው። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ ይቺም በቤንዚን ኩፖን ነው የምትኖረው?"

"ምን አገባህ?" አሉ ጋሽ ዘለቀ።

"አይ፣ እሷ ቤንዚን አትጠጣም፣ ገላዋን ነው የምትታጠብበት ሲሉ ሰምቼ ነው" ብሎ ማርሽ አስገብቶ ሄደ።

ግርማ ፈገግ አለ። ጋሽ ዘለቀ ግን አልሳቁም፤ ያን ጊዜ ነው የተጠራጠርኩት።

ቴዎድሮስ አደባባይ

ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወረድን። ቤንዚን ማደያው ጋ ሰልፉ ጥግ ዞሮ ጠፍቷል። መኪናቸውን ገፍተው ያመጡ አሉ፤ ሬዲዮ ከፍተው የሚተኙ አሉ። በሶውን ለሦስት ተካፈልን። መቼም ስንቅ መያዜ አላሳፈረኝም።

እዚያ ሰልፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የጠየቅሁት። "ጋሽ ዘለቀ፣ ለእግዜር ብለው እውነቱን ይንገሩኝ። የግል መኪና በወር የሚደርሳት ቤንዚን አባባ ቸሬ መንደር ያደርሳታል?"

መሪውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። "ታደርሳለች።"

"ትመልሳለችስ?"

መስታወቱን ማስተካከል ጀመሩ።

"ጋሽ ዘለቀ?"

"መመለሱ እንኳን… የሚቀጥለውን ወር ኩፖን መጠበቅ ነው። ወይ ደግሞ ከሰው መለመን።"

ግርማ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ነገሩን በአእምሮዬ አገላበጥኩት። ትንሽ መኪና ብንገዛ በኩፖኗ ደርሳ ትመለሳለች፤ ግን ገደሉ አፋፍ ቆማ አባባ ቸሬን ከማዶ ታያቸዋለች። ጂፗ ገደሉን ተሻግራ ደጃቸው ትደርሳለች፤ ግን እዚያው ከእሳቸው ጋር ትታመማለች። አንዷ ረክሳ አትጠቅምም፣ ሌላዋ ተወድዳ አትመለስም። ታዲያ ውድ ማለት ምንድን ነው? ርካሽስ? ሃያ ዓመት ልጆች ሳስተምር እንዲህ ያለ ፈተና አውጥቼ አላውቅም።

"ተይው በቃ" አለ ግርማ በቀስታ። "ቤንዚኑን እኔ እለምናለሁ።"

ሰው ፊት ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው። ልቤ ተሰበረ።

ከራስ መኮንን ድልድይ በታች

ጋሽ ዘለቀ ያን ዝምታ መሸከም አቃታቸው መሰለኝ፣ "ኑ፣ የተሠራችለትን ነገር ላሳያችሁ" ብለው ከአስፋልቱ አወጡን። ከድልድዩ በታች ወንዙ ዳር ልብስ አጣቢዎች አንሶላ ድንጋይ ላይ አስጥተዋል። ቁልቁለቱ ፍየል እንኳን አስቦ የሚወርደው ነው። ጋሽ ዘለቀ ትንሿን ማንሻ ጎተቱና አራቱም ጎማ መሬቱን እየቧጠጠ ወረደ። ጮህኩ። ውሃው ውስጥ ገባን፤ ድንጋዩ ከሥር ተንኳኳ፤ አጣቢዎቹ አንሶላቸውን እየሰበሰቡ ሰደቡን፣ ከዚያ ደግሞ አጨበጨቡልን። የማዶውን ጭቃ ዳገት አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጋ እያቃሰተች ወጣችው።

ግርማ እንባው መጥቷል። "አየሽ? ገደላችንን ትወጣዋለች! ትወጣዋለች እኮ!"

ትወጣዋለች። አሁን ይህን ዓይቼ "አያዋጣም" ልበል? ቤንዚኑን ሰምቼስ "ግዛ" ልበል? የእጄን ወርቅ አሽከረከርኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ወርቁም አሳዘነኝ።

ወደ ቤት፣ እሪ በከንቱ

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ታክሲ "እምቢ፣ አልወርድም" በሚለው ቁልቁለታችን ጂፗ ዘና ብላ ወረደች። ጎረቤቶች ወጡ። ዕድራችንን የሚመሩት አዛውንት "እንኳን ደስ አላችሁ! የበረከት ያድርግላችሁ!" ሲሉ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። "ገና አልገዛናትም" ብል ማን ሰምቶኝ! "ምቀኛ ፈርተሽ ነው" አሉኝ።

የቤታችን በር ተከፍቷል፤ ቁልፉን ለጎረቤት ትተን ነበር የወጣነው። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል። ገባን። መደባችን ላይ፣ እግራቸው በነጠላ ተጠቅልሎ፣ አባባ ቸሬ ተጋድመዋል። የወንድማቸው ልጅ ታደሰ ከራስጌያቸው ቆሟል።

ግርማ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ታደሰን ወደ ጓዳ ሳብኩት። "እንዴት አመጣችኋቸው? በቃሬዛ አልወጣም ብለው አልነበር?"

"ብለው ነበር እንጂ" አለ ታደሰ። "ግርማ ግን በአንድ የእህል ነጋዴ ቃል ላከ። 'መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ተዘጋጁ' ብሎ። ያን ሲሰሙ አባባ ማን ይቻላቸው! 'ልጄ መኪና ይዞ ሲመጣ እኔ ቤት ተኝቼ ልጠብቀው? እንግዳ ከመንገድ ወጥተው ነው የሚቀበሉት። በሉ አንሱኝ' አሉ። 'ይሄ እኮ ቃሬዛ ነው' ብንላቸው፣ 'አይደለም፣ መቀበያ ነው' አሉን። አገሩ ሁሉ እየተፈራረቀ ተሸከማቸው። መንገድ ዳር አውጥተን ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ መኪና የለም። እንግዳ ልቀበል ወጥቼ ባዶ እጄን አልመለስም ሲሉን እህል የጫነ መኪና ለምነን መጣን። ኬላ ላይ እግራቸውን ሲያዩ ሳይጠይቁ አሳለፉን።"

ከጓዳ ወጥቼ ግርማን አየሁት። ሳይነግረኝ ነው ቃሉን የላከው። ሳንገዛት፣ ሳንፈትናት፣ ዋጋዋን እንኳን ሳንስማማ፣ ለአባቱ መኪና አለኝ ብሏል። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። የምቆጣበት ነገር መደብ ላይ ተኝቶ ያየኛል፤ አፌን ዘጋሁ።

"መኪናህ ቀረች?" አሉት አባባ ቸሬ።

"አባዬ… የይለፍ ወረቀቱ…"

"ከልክለውህ ነው። አውቄያለሁ። የት አለች?"

"በር ላይ ናት" አልኩ እኔ። ምን እንዳስባለኝ አላውቅም።

ወደ ሆስፒታል

ጎረቤት ተሸክሞ ከፊት ወንበር አስቀመጣቸው። ጋሽ ዘለቀ ነገሩን ከበር ሆነው ሰምተዋል፤ ሄደው መሪው ላይ ተቀመጡ።

"ሾፌር፣ ቀስ በልልኝ" አሏቸው አባባ ቸሬ።

ስንት ተራራ የለኩ ቀያሽ፣ የመኪናዋ ጌታ፣ በመስታወቱ እኔን አዩ፤ ከዚያ "እሺ አባባ" አሉና ሕፃን በአንቀልባ እንዳዘለ ሰው ዳገቱን ወጡ። ያን ዳገት ሌላ መኪና አይወጣውም፤ ከዳገቱ እስከ ሆስፒታሉ ግን ማንም መኪና ይወስደን ነበር። ሁለት ታክሲ የምታወጣዋ ጂፕ ለእኛ የሠራችው ሥራ ያቺው ዳገት ናት።

አባባ ቸሬ በረዶ በመሰለ እጃቸው በሩን ዳበሱ። "ይቺ ናት ገደላችንን የምትወርደው?"

"አዎ አባዬ፤ ዛሬ አይቻለሁ፣ ትወርደዋለች" አለ ግርማ።

"እንኳንም አልመጣች። ደጄ ብትመጣ ኖሮ ልብሴን ልቀይር፣ በጎቹን ላስረክብ ስል ቀናት ያልፉኝ ነበር። ሳትመጣ ስትቀር ነው ከተማ ለመምጣት የተነሳሁት።"

ሐኪሙ እግራቸውን አይቶ፣ በጊዜ ነው ያመጣችኋቸው፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እቆርጠው ነበር አለን። ግርማ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ጋሽ ዘለቀ በር ላይ ቁልፉን በጣታቸው እያዞሩ ጠበቁን። "ታዲያ ምን ወሰናችሁ?"

ተያየን። መኪናዋን የፈለግንበት ጉዳይ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ታዲያ ምን ልታደርግልን እንገዛታለን? ደግሞ ባንፈልጋት ኖሮ አልጋው ላይ ማን ይተኛ ነበር? ቀኑን ሙሉ ተወደደች ስል የዋልኩት ሴት "ወርቄን ውሰዱ" ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። "ነገ እንነግርዎታለን" አልን። ነገ ሌላ ነገ ወለደ፤ በኋላ ለሌላ ሰው ሸጧት። ሱቁም ወርቁም ቀረልን። ግርማ አረንጓዴ ጂፕ ባየ ቁጥር እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ እስክትሰወር ያያት ነበር።

አባባ ቸሬ በሁለት እግራቸው አገራቸው ገቡ። እስኪሞቱ ድረስ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የሚያወሩት አንድ ወሬ ነበር። "ልጄ መኪና ባይኖረው ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም" ይሉ ነበር። ግርማ አንገቱን ይደፋል፤ እኔም ዝም እላለሁ። እኛ መኪና ኖሮን አያውቅም።