የጭስ ሽታ ያለው ገብስ

እኔ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ስናገር አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። እዚህ ስማዳ፣ ወገዳ ውስጥ "ምን ትሠሪያለሽ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው መልሴን ሲሰማ "እሱማ እኛም እንገዛለን" ይለኛል። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል። መግዛትማ ማንም ይገዛል! ገንዘብህን ትሰጣለህ፣ ዕቃህን ትሸከማለህ፣ አለቀ። የግዥ ሥራ ግን ገበያ ከመውጣትህ ከብዙ ቀን በፊት ይጀምራል። ማን ምን ያህል እንደሚፈልግ ትጠይቃለህ፣ ከማን እንደሚገኝ ታጣራለህ፣ ናሙና ትፈትናለህ፣ ትዋዋላለህ። ዕቃው ከገባም በኋላ ለታሰበለት ነገር ሆነ ወይስ አልሆነም ብለህ ትከታተላለህ። ይህን ለአገሬ ሰው ስንት ጊዜ በአፌ አስረዳሁ! የገባቸው ግን ከጥቂት ዓመት በፊት፣ አንድ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ በገብስ ነው።

ያን ዓመት ስማዳ ክፉ ከርሞ ነበር። በረዶ አዝመራውን ስለመታው ገበሬው የሚበላው አጥቶ ዘሩን በላ። ዘር መብላት እኛ ዘንድ ከረሃቡ ይልቅ ሐፍረቱ ያማል። አባቴም በሉ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ቀድሰው ሲወጡ ሞፈር የሚጨብጡ ገበሬ። በሕይወታቸው ከሰው ዘር ጠይቀው አያውቁም። ያን ዓመት ግን እንደ ሌላው አባል እኔ የምሠራበት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያመጣውን ዘር ጠበቁ። ያ ዘር ካልበቀለ ማሳቸው ባዶውን ይከርማል፤ ቤታችን ሌላ የሚዘራ አንድ ቁና እንኳ አልነበረውም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ከአርብ ገበያ በኩል አንድ ነጋዴ ገብስ ጭኖ መጣ። ፍሬው ድፍን ነው፣ ዋጋው እርካሽ ነው። ሽማግሌዎቹ እፍኝ እፍኝ እየዘገኑ አሸተቱት፤ ጭስ ጭስ ይላል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ጭስ የሚሸት ዘር ካገኘ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ዘር የሚቀመጠው የምድጃው ጭስ በሚያገኘው ቦታ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ነቀዝ አይደፍረውም። አባቴም አሸተቱና፣ "ይህስ የባለሙያ ቤት ዘር ነው! በሉ ክፈሉትና እንከፋፈል" አሉ። የቄስ ምስክርነት ከተጨመረበትማ ማን ይናገራል?

እኔ ተናገርኩ።

"አይገዛም" አልኩ። "ከሌሎች ሻጮችም ናሙና አስመጥቻለሁ። የእሱም ይጨመርና አብሮ ይፈተን። አምስት ቀን ብቻ ስጡኝ።"

ጉድ በል ያገሬ ሰው! ግቢው ቀውጢ ሆነ። "ዝናብ በወረቀት ይቆማል እንዴ?" አለ አንዱ። "ሴት ልጅ ማስተማር መዘዙ ይኸ ነው" አለ ሌላው። አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ዘር ሳሸት ነው ያረጀሁት። ዛሬ አባትሽን ልትፈትኚ ነው?"

ጆሮዬ ጋለ። ግን ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ! "አባ፣ እርስዎ ማሳውን ሳይገምሱ፣ እርሻውን ሳይደግሙ ይዘራሉ? መዝራትማ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ልፋቱ ያለው ከእሱ በፊት ነው። የእኔም ሥራ እንደዚያው ነው" አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዝናቡ ካመለጠኝ ማሳዬን ምን አለብሰዋለሁ?" አሉኝ። ከቁጣቸው ይልቅ እሱ አመመኝ።

ከየናሙናው መቶ መቶ ፍሬ ቆጥሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደረደርኩና ጠቀለልኩት። ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፈክፋለሁ። ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ደመና በጠቆረ ቁጥር ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። በዚያው ሳምንት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አካባቢ ዘር አባዝተው ከሚሸጡ ገበሬዎች ጋር በስልክ ተነጋገርኩ፤ በሰው በኩል ወረቀት ልኬም ተፈራረምን። ናሙናቸው ከበቀለ፣ መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ፣ በቁርጥ ቀን ወገዳ ድረስ በራሳቸው መኪና ሊያደርሱ። ዋጋቸው ከነጋዴው ወደድ ይላል።

በአምስተኛው ቀን ጨርቆቹን አባላቱ ፊት ፈታሁ። የእስቴው ገብስ ነጫጭ ሥሩን አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል። የነጋዴው አብዛኛው እንዳስቀመጥኩት ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ከማበጡ በቀር። አባቴ ጎንበስ ብለው በጣታቸው እያገላበጡ ቆጠሩ። "ሰባት" አሉ። ደግመው ቆጠሩ። ከመቶው የጎነቆለው ሰባት ብቻ ነበር።

ነጋዴው ተጠርቶ መጣ። ሌባ አልነበረም፣ እሱም ሲያየው ደነገጠ። ገብሱን የሸጠለት ሰው ቤቱ ተቃጥሎበት እንደነበር ያን ጊዜ ነገረን። ከእሳት የተረፈ እህል ነው። ለመብል ምንም አይልም፤ ለዘር ግን ሙቀቱ ገድሎታል። ያ ሁሉ ሽማግሌ አሽትቶ የመሰከረለት ጭስ የቃጠሎ ጭስ ነበር።

"የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል" ልላቸው ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። አፌን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሆነ ያውቃል።

የእስቴው መኪና በቀጠሮው ቀን ጭቃ ለብሶ ገባ። እሰይ! ሁለት ቀን ቆይቶ ዝናቡ ወረደ፣ መንገዱም ተዘጋ። ሰው ሁሉ ድርሻውን እየተሸከመ እየመረቀኝ ሄደ። አባቴ ድርሻቸውን በአህያ ጫኑና አንድ ቃል ሳይናገሩኝ ወጡ። ምስጋና ጠብቄ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ተናድጄ ሰነበትኩ።

ገብሱ ከበቀለ በኋላ እንዴት እንደያዘ ለማየት መዝገቤን ይዤ ከማሳ ማሳ ዞርኩ። የአባቴ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ለምልሟል፤ ሰው ቢተኛበት ይሸፍነዋል። እሳቸው ከአንድ መንገደኛ ሽማግሌ ጋር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ ዘር መበተን ግን የወንድ ነው። ማሳ አምሮ ያየ መንገደኛም ዘሪውን ጠይቆ ሳይመርቅ አያልፍም።

"የማን እጅ ነው የዘራው? ይባረክ!" አሉ ሽማግሌው።

"የሴት ልጄ" አሉ አባቴ።

"ኧረ አባ! ሴት ትዘራለች እንዴ?"

"የእኔዋ ዘርታለች" አሉ፤ በሙሉ ድምፃቸው።

እኔ እዚያው ከኋላቸው ቆሜ፣ መዝገቤን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።