በቀይ እስክሪብቶ የታረመው ቃሌ

ገፍትረው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከበሩ ራስ ተነስቶ እስከ ወለሉ ድረስ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ነበረው፤ ጣት ያስገባል። የቤቱ መሠረት እየሰመጠ ነው። ይህን ለማወቅ የአምስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን ነበርኩ፤ ስለዚህ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከዚያ ግድግዳ ራቅ ያለ መተኛ በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

የተያዝኩበት ምክንያት ያስቃል። ለመመረቂያ ሥራችን ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ ድልድይ ተሰጥቶን፣ አምስት ሆነን ሦስት ሳምንት ለካነው። ድልድዩ ምን ያህል ክብደት ሲጫንበት የቱ ጋ እንደሚሰበር ማወቅ ነበረብን፤ የሚጠገነው ያ ከታወቀ በኋላ ነዋ። ደካማዎቹን ቦታዎች እንደ ደንቡ በቀይ አከበብናቸው። በመጨረሻው ቀን ጓደኞቼ ቀድመው በባጃጅ ሄዱ። ንድፉን ጠቅልዬ የተከተልኩት እኔ ነኝ። ኬላው ላይ መታወቂያዬን አዩ፤ የትውልድ ቦታ ኪራሙ ይላል፤ ስሜም ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ መሆኔን ያሳብቃል። ከዚያ ንድፉን ዘረጉት። አንድ ድልድይ፣ በላዩ ላይ «እዚህ ጋ ይሰበራል» የሚሉ ሰባት ቀይ ክቦች። እውነት ለመናገር፣ ኬላ ጠባቂ ብሆን እኔም ራሴን አልለቀውም ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም «ባርሲሳ» የሚሏቸው ሰው ነበሩ፤ መምህር ለማለት ነው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ጃኬታቸውን በዚያ ሙቀት እንኳ የማያወልቁ ሰው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ናቸው። «ጫካ የመግባት ሐሳብ ያላቸውን ልጆች ስም ስጡን» ሲሏቸው እምቢ ብለው፣ ልጆቹ ያዋዩአቸውን የሚጽፉበትን ደብተር ደብቀው ነው የገቡት። እኔን ለአንዱ ታጣቂ ቡድን፣ እሳቸውን ለሌላው ትሠራላችሁ ብለው በአንድ ቁልፍ ዘጉብን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ታስረውም ሥራቸውን አላቆሙም። ሊያዋያቸው የፈለገ ሰው መስኮቱ ሥር የተነጠፈችው ጆንያ ላይ ይቀመጣል። ያኔ ሌላው በሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዳይሰማ ጮክ ብሎ ያወራል። ስለ በቆሎ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ምንም። በአንድ ባልዲ በሚጸዳዱ ሰዎች መካከል ምስጢር እንዲህ ነበር የሚጠበቀው።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው የተተየበ ወረቀት አሳየኝ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ድልድዩን ለማፍረስ እንዳጠናሁ ይናገራል። የአራቱ ስም ከነአባታቸው ተዘርዝሯል፤ ከማስታወሻ ደብተሬ ነው የወሰዱት። የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

«ከፈረምክ ነገ ከእናትህ ጋር ትበላለህ» አለኝ። «እነሱን ደግሞ እኛ እንጠይቃቸዋለን። እስከ ጠዋት አስብበት።»

እናቴ ከኪራሙ ተፈናቅላ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በዘመድ ቤት ነበረች። ያንን ያውቃል። እኔም ማወቁን አውቃለሁ።

ስመለስ ቀጥ ብዬ ጆንያዋ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ፊቱን አዞረና ስለ በቆሎ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ሁሉንም ለባርሲሳ ነገርኳቸው። አትፈርም እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር፤ ወይም ፈርም፤ ብቻ አንዱን እንዲሉኝ።

«ብትፈርም፣ በማግስቱ ጠዋት ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«ባርሲሳ፣ እኔ መልስ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ገባኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጥያቄ ለመጠየቅ ነው?»

አልተቆጡም። «ኤዬ» አሉ፣ አዎን ለማለት። «ጥያቄ ለመጠየቅና ዝም ለማለት። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ። አንተስ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አምስት ዓመት ምን ተማርክ?»

በጣም ተናድጄ ስለነበር የመጣልኝን ተናገርኩ። «ያላጣራሁት ላይ አለመፈረም!»

«ወረቀቱን አጣራኸው?»

«ውሸት ነው እኮ!»

«እናንተ ዘንድ የተሳሳተ ንድፍ ሲመጣ ምን ይደረጋል?»

የሚደረገውንማ አውቃለሁ። የተሳሳተው ሁሉ በቀይ ይከበብና ለሠሪው ይመለስለታል።

«ጋሪዳ» አሉ፣ ጥሩ ነው ለማለት፣ ፊቴን አይተው። ተነስተው ጃኬታቸውን አራገፉ። በቆሎውም አለቀ።

ጠዋት መርማሪው ሻይ አዘዘልኝ። ስኳሩ በዝቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ብዬ ብጠራጠርም ጠጣሁት፤ አምስት ቀን ትኩስ ነገር አልቀመስኩም።

«ቀይ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አልኩት።

በምንም ልፈርም ግድ አልነበረውም። ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። «ለማፍረስ» የሚለውን አክብቤ «ለመጠገን» ብዬ ጻፍኩ። «በድብቅ» የሚለውን አክብቤ «በጠራራ ፀሐይ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሰን»። የድልድዩን ርዝመት ሰማንያ ሜትር ብለውታል፤ ሰርዤ «ሃያ አራት ከስድሳ» አልኩ። የአራቱን ስም በአንድ ትልቅ ክብ አጠርኩና «አይመለከታቸውም፤ ይውጣ» ብዬ ጻፍኩበት። ከታች፣ መፈረሚያው ቦታ ላይ፣ መምህራችን በእኛ ሥራ ላይ እንደሚጽፈው አድርጌ «ተጣርቷል። ስህተቱ ስለበዛ ተመልሷል» አልኩ። አልፈረምኩም።

ወረቀቱን በሁለት እጄ አቀረብኩለት። እያነበበ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀጥሎ ያለው ፈጣን ነው፤ ወንበሩ ከሥሬ ሄደ፤ ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ስነሳ አፌ ደም ደም ይላል።

«የርዝመቱን ነገር ግን ለክተው ያረጋግጡ» አልኩት።

ከዚያ ሰባት ወር ተቀመጥኩ። ባርሲሳ ምን እንዳደረግሁ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። በሦስተኛው ወር ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ የት እንዳሉ እስከዛሬ አላውቅም። ደብተሩ ተገኘ ሲባልም አልሰማሁም፤ ይህ ያኮራኛል።

አራቱን ማንም አልነካቸውም። በዓመቱ ተመረቁ። እኔ ከታናናሾቼ ጋር ተቀምጬ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ጨረስኩ። ከአራቱ አንዱ ዛሬ በምሠራበት የመንገድ ሥራ አለቃዬ ነው። በቅርቡ ምሳ ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ «አንተ፣ ለመሆኑ ያኔ ምን ብትቀባጥር ነው ያን ያህል ያቆዩህ?» ብሎ ቀለደብኝ። ሁሉም ሳቀ።

ስሙ ወረቀቱ ላይ ሁለተኛ ነበር። አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ከሁሉም ጋር ሳቅሁ። ልቡ ሳይሰጋ እንዲህ እንዲቀልድ ነው እኮ ያልፈረምኩት።