በጆሮ የታየች ኮከብ

ዝድራቭካ ማርቲኖቫ ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፦ የቴሌስኮፑን ክፍል ቁልፍ መልሺ መባልን። በምትኖርባት ትንሽ የቡልጋሪያ ከተማ፣ በኮከብ ተመልካቾች ክበብ መመልከቻ፣ ብርሃኗ ከፍ ዝቅ የሚል አንዲት ኮከብ በዓይኗ እየመዘነች ሃያ አንድ ዓመት የድምቀቷን መጠን በቁጥር ጽፋለች። የክበቡ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ሰው ያየውን ይጽፋል እንጂ የገመተውን አይጽፍም።

ካለፈው ታኅሣሥ የቅዱስ ኒኮላ በዓል ወዲህ ግን በቀኝ ዓይኗ መሃል ግራጫ ነጥብ ተቀምጧል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ቃሪያ ስትጠብስ “ረጅሙ ብርሃን” የሚባል ፖድካስት ታዳምጣለች፤ አንዲት የፕሎቭዲቭ ከተማ ሴት አንድ ኮከብ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የምትተነትንበት ነው። በአሥራ ሁለተኛው ክፍል የዝድራቭካ ኮከብ ተነሳችና “ሰሞኑን ሰባት ነጥብ አራት ናት” ተባለ። በሳምንቱ ዝድራቭካ ቴሌስኮፑ ላይ ጎንበስ ስትል ግራጫውን ነጥብ ብቻ አየች። ዓይኗን በጨው አጥባ ሰባት ነጥብ አራት ብላ ጻፈች።

በሚቀጥለው ክፍል አቅራቢዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ለካ ቁጥሩ የአምና ነበር። የዝድራቭካ ቁጥር ግን የክበቡ ደብተር ላይ ሰፍሯል።

በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በክበቡ ስብሰባ ላይ አንድ አባል የሚሰማ ወይም የሚነበብ ነገር ለሌሎቹ ይመክራል። የዚህ ወር ተራ የእሷ ነው። ፖድካስቱን ልትመክር ተመዝግባ ነበር፤ ከሰሙት ግን ይደርሱባታል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሄደች።

“ዛሬ ደግሞ በምን ልታስተኚን ነው?” አለቻት የክበቡ አባል ነርሷ ካሊና።

“ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር” አሉ ሰብሳቢው፣ ሁሉም በአክብሮት ባይ ሉበን የሚሏቸው ሽማግሌ። “ስድስታችን ለኮከቧ ስምንት ነጥብ አንድ ብለናል። ዝድራቭካ ብቻ ሰባት ነጥብ አራት። እሷ ደግሞ ተሳስታ አታውቅም። የእኛን ሰርዤ ለሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ የእሷን ልልክ ነው።”

ስድስት ሰው በእውነት ያየው በእሷ ውሸት ሊሰረዝ ነው። መጽሐፉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

“አይላኩት፣ ባይ ሉበን። የምመክራችሁ ‘ረጅሙ ብርሃን’ን ነው። ጠለቅ ያለ ነገር ለሚወድ ሰው እንደሱ ያለ አልሰማሁም። አሥራ ሁለተኛውን ክፍል አርባኛ ደቂቃው ላይ ስሙት። የኔ ቁጥር እዚያ ነው ያለው።”

“ምን ማለትሽ ነው?” አሉ ባይ ሉበን።

“ኮከቧን አላየኋትም። ዓይኔ ታሟል።”

ባይ ሉበን መነጽራቸውን አድርገው እርሳስ አነሱና የክበቡን ደብተር ወደ ኋላ ይገልጡ ጀመር፤ መስከረም፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ።

“ዝድራቭካ፣ ከየቱ ጀምሬ ልሰርዝ? ያየሽው የቱ ነው?”

የራሷን የእጅ ጽሑፍ ትክ ብላ አየችው። ከየካቲት በኋላ ያየችውንና የገመተችውን መለየት አልቻለችም።

“አላውቅም” አለች።